አሥራ ስምንት የምሳ ሰዓቶች

እትዬ ካርድ የምንላቸው የሆስፒታላችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የበሽተኛ ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ ኖረዋል። ኩሩ ናቸው፤ የማያውቁትን ከመጠየቅ ጥርሳቸው ቢነቀል ይመርጣሉ። ድሮ ሳይነቀል የቀረ ማሞቂያ ሁለት መደርደሪያ ካርድ አቃጥሎባቸዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነና፣ ከዚያ ወዲህ ለምሳ ሲወጡ በክፍሉ ያለውን ሶኬት ሁሉ ይነቅላሉ።

ኮምፒውተር ሲመጣ አብሮ የመጣው ወጣት ባለሙያ የበሽተኞቹን ስም ቀድሞ አስገባ። የቀረውን ከካርዱ እያዩ ጠዋት ጠዋት የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። የተገለበጠው ካርድ በጆንያ ታስሮ ለማቃጠል ዕቃ ግምጃ ቤት ይቀመጣል።

ባለሙያው ሰብስቦ አስረዳን። «ሰርቨር ማለት ትልቁ መዝገብ ቤት ነው፤ ኔትወርክ ደግሞ ከየክፍላችሁ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ። የጻፋችሁት ሴቭ ካልተደረገ መንገድ አልወጣም፤ መብራት ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ወደ ቀጣዩ ሰው ስታልፉ ራሱ ሴቭ ያደርጋል፤ የመጨረሻውን ግን እናንተ ተጫኑ። ያልተሞላውን ቦታ ሁሉ ማሽኑ «የለም» ይለዋል። እትዬ፣ ገባዎት?»

«ገባኝ» አሉ። ከኋላቸው የተቀመጥኩት እኔ ነርሷም «ገባኝ» አልኩ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት መጣች። ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ በትኩሳት ነድዳ ራሷን አታውቅም። ሐኪሙ ፔኒሲሊን አዘዘ። ስክሪኑን አየሁ፤ «የማይስማማ መድኃኒት፦ የለም» ይላል። መርፌውን ሞላሁ።

እትዬ ካርድ ለሌላ ጉዳይ ገብተው ኖሮ የሴትዮዋን ፊትና የመድኃኒቱን ብልቃጥ አዩና ክንዴን አፈፍ አደረጉ።

«ተይ! ተይ ብዬሻለሁ! ፔኒሲሊን ይገድላታል፤ ካርዷ ላይ በቀይ የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

«እትዬ፣ ኮምፒውተሩ የለም ይላል እኮ» አለ ሐኪሙ።

«ማክሰኞ በዚች እጄ ገልብጬዋለሁ!»

ሐኪሙ እሳቸውንና ስክሪኑን አፈራርቆ አየ። ሴትዮዋ ታቃስታለች። የማንን ልመን?

«ሌላ መድኃኒት ስጪያት» አለ በመጨረሻ። «ካርዱም ይፈለግ።»

ካርዱ ከጆንያው ወጣ። ፔኒሲሊን፣ በቀይ፣ ሁለቴ ተሰምሮበት። የሞላሁትን መርፌ ወስጄ ጣልኩት።

ሴትዮዋ ስትረጋጋ ዳይሬክተሩ መጣና እትዬን አመሰገነ፤ ባለሙያው ላይ ግን ጮኸ። «ማሽንህ ሰው ሊገድል ነበር! ነገ እንዳላይህ!»

ባለሙያው ወደ እትዬ ጠጋ ብሎ በዝግታ ጠየቃቸው። «ማክሰኞ ስንት ሰዓት ላይ ነው የጻፉት?»

«ለምሳ ልወጣ ስል።»

«ሴቭ አደረጉት?»

«የተጻፈ ነገር የት ይሄዳል?»

«ሶኬቱንስ?»

የእትዬ ፊት አመድ መሰለ። ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ምስጋናው የእሳቸው፣ ጥፋቱ የልጁ ሆኖ ሊያልፍ ይችል ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ዝም እንዲሉ ተመኝቼላቸው ነበር፤ ለጡረታ የቀራቸው ሁለት ዓመት ነው።

«ጌታዬ» አሉ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረው፣ «ልጁን ይተዉት። ማሽኑ አልዋሸም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ሰው ሴቭ ሳልጫን ሶኬቱን ነቅዬ ነው የምወጣው። ሥራው ከተጀመረ አሥራ ስምንት ምሳ ሰዓት ሆኗል። እሷን ጨምሮ አሥራ ስምንት ሰው አለ። ጆንያው ነገ ሊቃጠል ነው።»

እትዬ የዳይሬክተሩን መልስ ሳይጠብቁ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄዱ፤ ተከተልናቸው። ጆንያዎቹን ወደ መዝገብ ቤት አምጥተን መሬት ላይ ዘረገፍን። እትዬ ካርድ ካርዱን ይለያሉ፣ ባለሙያው ከስክሪኑ ጋር ያመሳክራል፣ እኔ አነባለሁ። አንዱ የስኳር በሽተኛ ነው። አንዷ የልብ ታማሚ ናት። ስክሪኑ ላይ ለሁሉም «የለም» ነው። አሥራ ስምንተኛው ሲገኝ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

የመጨረሻውን ጽፈው ሴቭን ተጫኑ። ለመሄድ ተነሡ፤ እጃቸው በልማድ ወደ ሶኬቱ ሄደ። መለሱትና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉት ባለሙያውን፣ «ያኔ ገባኝ ያልኩህ አልገባኝም ነበር። እስቲ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»

እኔም ወንበሬን ሳብኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።