የኋላ መቀመጫ የሌላት ፊያት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰብለ ቪትዟን በር ላይ አቁማ ገባችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አባዬ፣ የኋላ መቀመጫውን ባወጣው መኪናው ይፈጥንልኛል አይደል?» አለችኝ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ እሑድ እሑድ ኮን ደርድረው፣ በመካከሉ እየተጠማዘዙ ሰዓት የሚያስለኩ ወጣቶች አሉ። እሷም ሥራ የምትመላለስበትን መኪና ይዛ ተመዝግባለች።

«አታውጪው» አልኳት።

«ለምን?»

«አታውጪው አልኩሽ!»

ልጅቷ ደነገጠች። እኔ ደግሞ የገዛ ድምፄ አስጠላኝ። ያን ቀን እራቴን ሳልበላ ተነሳሁ። ያስጮኸኝ እሷ አይደለችም፤ አንድ የቆየ ነገር ነው።

ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። የምንኖረው አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳንርቅ ነው። አባቴ ዕድሜውን በባቡር ሥራ ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ አንዲት ሰማያዊ ፊያት 127 ነበረችው። ነበረችው ልበል እንጂ መኪናዋ የሰፈሩ ነበረች። ምጥ የያዛትም፣ ትኩሳት የጣለውም፣ የእድሩ ድስትና ብረት ምጣድም የሚሄዱት በእሷ ነው። ማንም «እባክህ» ብሎ አይለምንም። በሩን አንኳኩቶ «ሰው ታሟል» ይላል፤ አባቴ ጫማውን ያጠልቃል። በኋላ ዓይኑ ሲደክም መሪውን ለእኔ ለቀቀልኝ።

እሑድ ጠዋት መኪናዋን ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር፤ የሚታጠበውም ወንዝ ዳር ነው። የዚያን ጊዜውን የአቃቂ ወንዝ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። በፋብሪካዎቹ ፍሳሽ አንዱን ቀን ቀይ፣ ሌላውን ቀን ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል። ሽታው እርጥብ ቆዳና የተበላሸ እንቁላል ነው፤ ልብስ ውስጥ ከገባ ሦስት ቀን አይለቅም። እኛ ግን በዚያ ውኃ መኪና አጥበን፣ እጃችንን ሱሪያችን ላይ ጠርገን፣ ጸዳ እንላለን። ሰው የማይለምደው ቆሻሻ የለም።

ደረጀ የሚባል ሳሪስ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛ ነበረኝ። ቃሊቲ ውስጥ ተሳቢ መኪኖች የሚያድሩበትና እሑድ ጠዋት ባዶውን የሚውል ግቢ አግኝቶ፣ አሮጌ ጎማዎች በመደዳ አስቀመጠና ውድድር ጀመረ። ውድድሩ ጎን ለጎን መሽቀዳደም አልነበረም። አንድ መኪና ብቻውን ይገባል፣ በጎማዎቹ መካከል እንደ እባብ እየተጥመለመለ ይሄዳል፣ ዞሮ ይመለሳል። ደረጀ ሰዓት ይይዛል። ጎማ የነካ አምስት ሰከንድ ይጨመርበታል። ስምንት ያህል ነበርን፤ ላዳም ነበረ፣ አሮጌ ኮሮላም ነበረ። እኔ «መኪና ላጥብ» ብዬ እወጣና ወንዙን አልፌ ቃሊቲ እገባለሁ።

የመጀመሪያው እሑድ መጨረሻ ወጣሁ። ሦስት ጎማ ገጨሁ፤ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ጭሱ በመስኮት ወጣ። ወንዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ሳምንት ሙሉ በከረመ ዘይት የምትጠብሰውን ፓስቲ ገዝተን ስንበላ፣ ደረጀ ከንፈሩን እየጠረገ፣ «የመኪናህ ጉልበት መች አነሰ፤ ጭነት በዝቶባት ነው። የኋላ መቀመጫውን ምን ያደርግልሃል? ማን ሊቀመጥበት ነው?» አለኝ።

ማን ሊቀመጥበት ነው! እኔ እንኳ ያንን ጥያቄ መመለስ አያቅተኝም ነበር። የሰፈሬን ሰው በስም መቁጠር እችል ነበር። አልቆጠርኩም። በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ ጋራዡ በር ላይ መቀመጫውን ነቅለን አወጣን፤ ትርፍ ጎማውንና ምንጣፉንም ጨመርንበት። ከኋላ የቀረው ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ዝገት የበላው፣ የብሎን ጫፍ የሚወጋበት ቆርቆሮ።

መስከረም ገና መግባቱ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ የግቢው ጭቃ ያንሸራትታል። ያች ፊያት ቀልላ፣ ጭራዋን እየወረወረች በጎማዎቹ መካከል ስታልፍ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንድም ጎማ አልነካሁም። አንደኛ ወጣሁ። ጓደኞቼ ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። መቀመጫውን ለመመለስ ጋራዡ ጋ ማለፍ ነበረብኝ፤ እኔ ግን አንድ ዙር፣ ደግሞ አንድ ዙር እያልኩ ቆየሁ። ሲረፍድብኝ «ማታ እመልሰዋለሁ» ብዬ ወደ ቤት ነዳሁ።

ደጃችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጭቃው አዳልጧቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። በር ገንጥለው እሱ ላይ አስተኝተዋቸዋል። እግራቸው በነጠላ ከእንጨት ጋር ታስሯል። ከቅዳሴ መውጫ ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን እንደዚያ ሆነው ጠብቀውኛል። አንድ ታክሲ መጥቶ ነበር አሉ። አባቴ ነው የመለሰው። «መኪና አለን፤ ልጄ ለማጠብ ወስዷት ነው፣ አሁን ይመጣል» ብሎ።

አባቴ በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ ተመለከተ። «መቀመጫው የታለ?» አለኝ በዝግታ።

«ጋራዥ ነው።»

አባቴ ጋቢውን ከላዩ አወለቀና አጥፎ ቆርቆሮው ላይ ዘረጋው። እማማ ዘነበችን አንስተን አስገባናቸው። ልጃቸው አልማዝ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ከፊት ከጎኔ ተቀመጠ። መንገዱ የክረምቱ ጉድጓድ ገና አልተደፈነም። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ቆርቆሮው ሲጮህ እሳቸውም አብረው ይጮኻሉ። «ቀስ በልልኝ ልጄ፣ ቀስ» ይላሉ። ጠዋት አንድም ጎማ ያልነካው፣ የኮራሁበት እጄ አንድም ጉድጓድ ማለፍ አቃተው። መኪናው ውስጥ የተቃጠለ ፍሪሲዮን፣ ጭቃና ላብ ይሸታል።

ሳሪስ አቦ ጋ ስንደርስ እማማ ዘነበች እጃቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግተው አማተቡ። ከዚያ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «ልጄ፣ እኔ ልተኛበት ብለህ ነው አይደል መቀመጫውን ያወጣኸው? ለዚህ ነዋ የቆየኸው። ጋራዥ ድረስ ሄደህ!» አሉኝ።

አልማዝ ቀና አለች። አባቴ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ።

«አዎ፣ እማማ» አልኩ።

«አቡዬ ይክፈሉህ። ልጅ ይውጣልህ።»

አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። በሦስተኛው ቀን መቀመጫውን አምጥቼ ስገጥም አጠገቤ መጥቶ ቆመና፣ «ለእማማ ዘነበች አንተ ትነግራቸዋለህ። እኔ አልነግርልህም» አለኝ። ስለዚህ ነገር ያወራነው ያችን ብቻ ነው። ጠበቀኝ። ዓመታት ጠበቀኝ። ሞቶም የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።

እማማ ዘነበች ዳኑ፣ ግን እያነከሱ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። በእድር ስብሰባ፣ በሰርግ፣ በክርስትና፣ ባገኙኝ ቦታ ሁሉ ለማያውቀኝ ሰው ሳይቀር ይህንኑ ታሪክ ያወራሉ። «ያን ቀን እኔን ለማስተኛት መቀመጫ የነቀለ ልጅ!» እኔ አንገቴን እሰብራለሁ። ሰዉ ደግሞ ትሑት ነው ይላል። ከዚያ በላይ የሚቀፍ ነገር አላውቅም። የሞቱ ዕለት አልማዝ ደረቷን እየደቃች፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት፣ «መኪናውን አፍርሶ ያስተኛሽ ልጅሽ ይኸው ቆሟል!» ብላ አለቀሰች። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ ፈቀቅ አለና ሌላ ቦታ ሄዶ ቆመ።

ጎረምሳ ሆኜ መቀመጫ መንቀሌን ለራሴ ይቅር ብያለሁ። መኪና ያሳበደው የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ብዙ አይፈረድበትም። የማይዋጥልኝ የአምሳ ምናምን ዓመቱ ሰውዬ ነው። የእኔ ያልሆነ ምርቃት ሠላሳ ዓመት ያህል በልቶ አሁንም ያልጠገበው።

ሰብለ ላይ የጮኽኩ ዕለት ሌሊቱን ወሰንኩና ትናንት አልማዝ ጋ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ደረጃውን ስወጣ የምናገረውን ቃል በቃል አጥንቼ ነበር። ሻይ አፈላችልኝ፣ ዳቦ ቆረሰችልኝ። ፀጉሯ ሸብቷል። ገና ሳልጀምርላት፣ «ደግ ሰው እያለቀ ነው» አለችና የእናቷን ነገር አነሳች። ለልጅ ልጆቿ ሁሉ እንደምትነግራቸው አጫወተችኝ። አፌን ከፈትኩ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሻይሽ ይጣፍጣል» አልኳት።

እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝና እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ እናቷ አድርጋ መረቀችኝ።

«አሜን» አልኩ።