በግማሽ የተጻፈ ዘር

ዓብዱልወሃብ ሥራ አገኘሁ ሲለኝ፣ ምን ሥራ ነው አልኩት። «መስል ማርባት» አለኝ። መስል ማለት ሁለት ጥቁር ክዳን የገጠመ የባሕር ፍጥረት ነው፤ እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ድምፅ የሚጸየፈው። «የማትበላውን ልትቀልብ ነዋ!» ብዬ ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም። የወረኢሉ ገበሬ ልጅ ነው፤ በዘር ነገር ቀልድ አያውቅም።

በፈረንጆቹ 1985 ነበር። አሜሪካ፣ ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈር አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖራለን። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፣ እሱ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ በከተማዋ ሰሜን ጫፍ፣ ባሕር ዳር ወዳለ የቆርቆሮ መጋዘን ይሄዳል። ሚስቱ ፈትሂያ ከልጃቸው ጋር ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ አጠገብ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ናት። እነሱን ለማምጣት የጎደለው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ቋሚ ሥራ እንዳለው የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ። አሠሪው ሚስተር ኦልሰን ደግሞ ቃል ገብቶለታል፦ «ዘሩ ከተሳካ ሥራህ ቋሚ ይሆናል። ደብዳቤውን በዚያው ቀን እጽፍልሃለሁ።»

የዘሩ ነገር እንዲህ ነው። መስል አርቢዎች በጸደይ ባሕር ውስጥ ገመድ ይሰቅላሉ፤ በውሃው የሚንሳፈፈው ደቃቅ ዘር መጥቶ ይለጠፍበታል። አንዳንዱ ዓመት ገመዱ በዘር ይጠቁራል፣ አንዳንዱ ዓመት ባዶውን ይወጣል። ኦልሰን ሁለት ዓመት በተከታታይ ባዶ ገመድ ጎትቶ መሮታል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል እንዲሉ፣ ዘሩን ራሱ በገንዳ ሊፈለፍል ተነሣ፤ የባሕሩን ደጅ መጥናት ሊተው። አቅሙ የፈቀደለት ሦስት ሙከራ ነበር። ሁለቱ ከሸፉ።

የዓብዱልወሃብ ሥራ ቀላል ነው። ጠዋት ጠዋት ከገንዳው አንድ ጠብታ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ዘሩን ይቆጥራል፣ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ኦልሰን ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ያን ቁጥር አይቶ ነው የዘሩን ቀለብ፣ አንድ አረንጓዴ ውሃ ነው፣ የሚለካው። በሁለቱ ሙከራዎች ዓብዱልወሃብ ያየውን ሁሉ ሳይሸሽግ ጽፏል፤ የጎደለ ነገር ምኑ ይደበቃል? ሦስተኛው ግን ሞላ። በጠብታዋ ውስጥ ዘሩ ይርመሰመስ ነበር።

«ደነገጥኩ» አለኝ በኋላ። «አባቴ አውድማው ሞልቶ እየፈሰሰ እንኳ ስንት ሆነልህ ሲሉት፣ እንዲያው ትንሽ ናት ነበር የሚለው። የሞላ ነገር በአደባባይ ከቆጠርክ ዓይን ይበላዋል። ስለዚህ በየቀኑ ግማሹን ጻፍኩ።»

ግማሹን! ራሴን ያዝኩ። እሱ እኮ ዘሩን ከዓይን መጠበቁ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልታየም፤ ደቃቅ ነገር ትንሽ ይበቃዋል። እያደገ ሲሄድ ግን በግማሽ ቁጥር የተለካው ቀለብ አነሰውና ራበው። በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ገመድ ላይ ይለጠፋል ሲባል፣ ወደ ገንዳው ሥር ወርዶ ተከመረ። ኦልሰን ውሃውን አማስሎ ጠብታ ወሰደና የሞተውን ራሱ ቆጠረ። ሰሌዳው ላይ ካለው እጥፍ ሆነበት። ደገመና ቆጠረ፤ ያው ነው።

«ለምን?» አለው።

ምን ይበለው? ቃል ገብቶ ደብዳቤ ሊጽፍለት የቆየን ደግ ሰው፣ ዓይንህን ፈርቼ ነው ይበለው? ዓብዱልወሃብ ጨርቅ አንሥቶ ሰሌዳውን ጠረገ። ኦልሰንም ሳይቆጥር እንዳሻው ሲጽፍ የከረመ ሰነፍ መሰለው። አልተቆጣም። ገንዳዎቹን ደፋ፣ መጋዘኑን ዘጋ፣ ወደ ገመዱና ወደ ባሕሩ ፈቃድ ተመለሰ።

«ልሂድና ላስረዳው» አልኩት፤ «እንግሊዝኛዬ ካንተ ይሻላል።»

«ተው» አለኝ። «በራብ ነው የጨረስኳቸው። ወሎ ሰው በራብ በሚያልቅበት ዓመት፣ ቀለቡ በእጄ እያለ። ይህን በየትኛው እንግሊዝኛ ትነግርልኛለህ?»

 የዚያን ዓመት ወሬ እኔም በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ ያነሣሁትን የታክሲ ቁልፍ መልሼ አስቀመጥኩ።

ያኔ ከካምፕ ሰው ጋር የምንነጋገረው በካሴት ነበር። እሑድ ቀን ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነ።   «ፈትሂያ፣ ደህና ነሽ? ሥራው ተሳክቷል፣ አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤው በቅርቡ ይጻፍልኛል፤ እዚያው ጠብቂኝ» አለ። ቴፑን አጥፍቶ አየኝ። «ሌላ ሥራ እስካገኝ ነው» አለኝ። ይህ ነገር አይሆንም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን አሳዘነኝና ካሴቱን በማግስቱ በታክሲዬ ፖስታ ቤት አደረስኩለት።

ዓመት ሙሉ ቋሚ ሥራ አላገኘም። አንድ ቀን ዕቃ ማጠብ፣ አንድ ቀን ወለል መጥረግ፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ማን ደብዳቤ ይጽፋል?

በሚቀጥለው በጋ ከዚያው ካምፕ የመጣ ሰው ኦቴሎ በሚባለው ጎረቤት ሰፈር አገኘንና ስለ ፈትሂያ ነገረን። አጎቷ ከጅዳ ለእሷም ለልጇም ቪዛ ልኮላቸው ነበር። ካሴቱን ሰምታ፣ «ባሌ ሊወስደኝ ነው» ብላ ቪዛውን መልሳለታለች።