የዓርብ አነባበሮ

በደርግ ጊዜ ባሌ ደብረ ታቦር ያስተምር ነበር። ወባ ወዳለበት ቆላ ተዛውረሃል፣ ከነቤተሰብህ ሂድ ተባለ። እኔ መውለጃዬ ደርሷል። እናቴ ያለችው እዚሁ ከተማ ነው፤ እዚያ ማን አለኝ? ዝውውሩን ማስቀረት የሚችል አንድ ካድሬ ነበር። ባሌ ለምኖ ለምኖ፣ ዓርብ እኛ ዘንድ ምሳ ሊበላ እሺ አለው።

እቤት የነበረው የስንዴ ዱቄት፣ በርበሬና የኑግ ዘይት ነው። በዚህ ተሠርቶ እንግዳ ፊት የማያሳፍር አነባበሮ ብቻ ነው። አንዱን ጋግሮ ማውጣት፣ ሌላውን ምጣዱ ላይ አፍስሶ ገና እርጥብ ሳለ የፊተኛውን በላዩ መድፋት፣ ተጣብቀው አንድ ሲሆኑ በበርበሬና በቅባት ማራስ። ትንሹ ዱቄት ብዙ መስሎ ይታያል።

ጭንቁ ቅባቱ ነበር። ዓርብ ጾም ነው። ባሌ ግን፣ «ለካድሬ የጾም ምግብ አቅርበሽ ኋላ ቀር ልታሰኚኝ ነው? ቅቤ አድርጊበት» አለኝ። ጎረቤቴን ቅቤ ብጠይቃት «በስመ አብ! በዓርብ?» ብላ አማተበች። የሐሙሲት ገበያ ቅቤ ነበራት፤ እያጉረመረመች ሰጠችኝ። ለራሴ አንድ ትንሽ በኑግ ዘይት ሠርቼ ጓዳ አስቀመጥኩ።

ካድሬው ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር መጣ። ገና ወጣት ነው። ሊቀ መንበሩ አላቅማማም፣ እየቆረሰ ዋጠው። ካድሬው ግን ቆረሰ፣ አሸተተ፣ መልሶ አኖረው።

«ጨጓራዬን ያመኛል» አለ።

«በሞቴ፣ ትንሽ ይቅመሱ» ስለው፣ «በቃኝ፣ ጓድ» አለኝ። የባሌ ፊት አመድ መሰለ። ወይ ልፋቴ! ጓዳ ስገባ እንባዬ መጣ።

ካድሬው እጄን ልታጠብ ብሎ ተከትሎኝ ገባ። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ቅቤ ያልነካው የለሽም?» አለኝ።

ለካ ይጾማል! የራሴን ሰጠሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እንደ ቆመ፣ ፍርፋሪው ሳይቀር ለቅሞ በላ። አንጀቴን በላው።

«አይዞዎት፣ ለማንም አልተነፍስም» አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። አየኝ። እጁን ጠርጎ ወጣ።

ያን ቀን ተርፈናል ብዬ እፎይ አልኩ። ሰኞ ጠዋት መልእክተኛ መጣ፤ ዝውውሩ ነገውኑ ይሁን ተብሏል። ምስጢሩን የያዘች ሴት ከተማው ውስጥ እንድትከርም አልፈለገም። ባሌ «ምን አጠፋን? ምግቡ ነው?» እያለ ራሱን ሲበላ እኔ ዝም አልኩ። አልተነፍስም ብያለሁና።

ልጄን ቆላ ወለድኩት። እናቴ አልደረሰችልኝም፤ አብራኝ ያማጠች የማላውቃት ሴት ናት።

ዛሬም ዓርብ አነባበሮ ስጋግር፣ ያን ቅቤ በግድ ባጎረስኩት ኖሮ እላለሁ፤ እናደዳለሁ። ከዚያ ፍርፋሪውን ሲለቅም ትዝ ይለኛል። እንደገና ቢመጣ የራሴን እሰጠዋለሁ። አይዞዎት ግን አልለውም።