እባክሽ ፍዪልኝ

የሰፈሩ ሰው «ሰላምተኛው» ነው የሚለው። ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድቷል፤ አስራ ዘጠኙን በዚችው አመድማ መኪናው። ወደ ዳገቱ በሚወስደው መንገድ ላይ እሱን የማያውቅ የለም። ሌላው ሹፌር አቧራ አልብሷችሁ ሲያልፍ እሱ ይቆማል፣ ይወርዳል፣ ባርኔጣውን ያነሳል። የጡረተኛውን መምህር ወገብ፣ የፀጉር አስተካካዩን ልጆች፣ የልብስ ሰፊዋን ጉልበት አንድ በአንድ ይጠይቃል። «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል!» ይባልለታል።

እውነቱን ልንገራችሁ? መኪናዋ ትፈላለች። ነገሩ ይኸው ነው። ራዲያተሯ አርጅቷል፣ ውሃ ያፈሳል፤ ዳገቱን ትንሽ እንደወጣች የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ወደ ቀዩ ትሮጣለች። ስለዚህ ሰውዬው መንገዱን በሰላምታ ሸንሽኖታል። መምህሩ ደጃፍ ስምንት ደቂቃ፣ ፀጉር ቤቱ አስር፣ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሩብ ሰዓት። ከእሷ ቤት በላይ ያለው ነው ዋናው ዳገት። የመምህሩ ወገብ ድንገት ቢድን ከሁሉ በላይ የሚያዝነው እሱ ነው። ተሳፋሪ ቸኩያለሁ ካለው «ሰው ሰውን እንዴት ዘሎ ያልፋል?» ብሎ ያሳፍረዋል። በጠራራ ፀሐይ ማሞቂያውን ለቆ፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ተሳፋሪው ጉልበት እያስተነፈሰ «ለቁርጥማት ፍቱን ነው» ይላል። ምን የመሰለ ዓይን አውጣ!

ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ደግሞ የሚጠጣ ውሃ ይለምናል። «ሐኪም ለኩላሊትህ ውሃ አብዛ ብሎኛል» ብሏታል። አንድ ጆግ ሙሉ ታመጣለታለች። አንድ ጊዜ ይጎነጫል፤ ሴትዮዋ ወደ ስፌቷ ስትመለስ የቀረውን ለራዲያተሩ ያጠጣዋል።

ይህ ሁሉ ድብብቆሽ ከተሳፋሪ እንዳይመስላችሁ፤ ከሚስቱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት መኪናዋ መንገድ መሃል ፈልታ፣ ሚስቱ አዲስ ቀሚሷን እንደለበሰች ከኋላ ገፍታለች። ያን ቀን «አንድ ጊዜ ደግማ ትፍላ፣ ለወንድሜ ነው የምሸጣት» አለች። ወንድሟ አሮጌ ብረት ገዝቶ እየቆራረጠ የሚሸጥ ሰው ነው። ሚስቱ ደግሞ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። መኪናዋ ከሄደች ሰላምተኛው ምን ይቀረዋል? ቤት ቁጭ ብሎ ሽንኩርት መላጥ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሸወዳት። አንድ ማክሰኞ ግን ሚስቱ ዳገቱ ጫፍ ካለው ክሊኒክ የዓይን ቀጠሮ ነበራትና «አንተ ታደርሰኛለህ» አለችው።

«አውቶብስ አይሻልሽም? መስኮቱ ሰፊ ነው፣ አየር ታገኛለሽ።»

«የባለታክሲ ሚስት ሆኜ በአውቶብስ? ተነስ ባክህ!»

ተነሳ። ምን ያድርግ? መምህሩ ደጃፍ ሲደርሱ አቆመና ወረደ። ሚስቱ አፏን ከፍታ አየችው። ቤት ውስጥ «ቁርስ የለም እንዴ?» ከማለት ሌላ ቃል የማይወጣው ሰው የሰው ወገብ ይጠይቃል! ፀጉር ቤቱ ጋም ቆመ። እዚያም የልጆቹን ጤና ከበኩሩ እስከ ትንሹ ዘረዘረ። «ጤና የለህም እንዴ አንተ?» አለችው ሲመለስ። «ሰው አይደሉም ወይ?» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ሦስተኛው ጋ ነው ነገር የተበላሸው። መኪናዋ ገና ሳትቆም ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጆግ በአንድ እጇ፣ ብርጭቆ በሌላው ይዛ ደጅ ወጣች። ባሏ ከሞተ የቆየ፣ ስልሳን የተጠጋች፣ ደርባባ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ዘገዩብኝ! ውሃዎን ቀድቼ እየጠበቅኩ ነበር።»

ሚስቱ ጆጉን አየች። ሴትዮዋን አየች። ባሏን አየች።

«ውሃዎን? ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«ኧረ ሁለት ዓመት አለፈን!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ፈገግ ብላ።

በቃ፣ መኪናዋ ሳትፈላ ጉዱ ፈላ። ሰላምተኛው መኪና ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋ፤ ሚስቱም ከፍታ የነበረውን በር ጠረቀመች። ልብስ ሰፊዋ ነገሩ ግራ ቢገባት ጆጓን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እንግዲህ ይምረጥ። እውነቱን ቢናገር መኪናዋ ሄደች፤ ዝም ቢል ሚስቱ ሄደች። መጀመሪያ ኩላሊቱን ሞከረ።

«ኩላሊትህን? እኔ ቤት ውሃ የለም? ያንን ሁሉ ዳገት ወጥተህ ነው የምትጠጣው?»

ሊሳደብ ሞከረ፤ ሊስቅ ሞከረ፤ ሊቆጣም ሞከረ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሲነታረኩ ቆዩ። በመጨረሻ አገጯ ሲንቀጠቀጥ አየ። ስድቧን ሠላሳ ዓመት ችሎታል፤ ይህን ግን አልቻለም።

«ትፈላለች» አለ ቀስ ብሎ።

«ማን?»

«መኪናዋ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈላ ነው የኖረችው። ሰላምታውም ውሃውም ለእሷ ነው። እናቴ ትሙት!»

ሚስቱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ሁለት ዓመት ስትፈላ አላየሁም፤ ዛሬ አንተ ስትያዝ ፈላች? እሺ። አፍላትና አሳየኝ። ጠብታ ውሃ እንዳትጨምር! ካልፈላች ግን ቤቴን አትረግጣትም።»

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ። ለሁለት ዓመት እንዳትፈላ የለመናት መኪና፣ ዛሬ ፍዪ ቢላት ምን ይከብዳታል?

አልፈላችም። ግማሽ ሰዓት ሲጨቃጨቁ ሞተሯ በደንብ ቀዝቅዟል፤ ሰማዩም ደምኗል። ዳገቱን ስትወጣ መርፌዋ መሃል ላይ ተኝታ ቀረች። ማሞቂያውን ዘጋ። በሁለተኛ ማርሽ አስጓራት። መታጠፊያ አለፉ፣ ሌላም አለፉ። ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። «እባክሽ ፍዪልኝ» ይላል ሰውዬው በልቡ፤ «አስራ ዘጠኝ ዓመት ዘይትሽን የለወጥኩልሽ ለዚህ ነው? አንቺ ከዳተኛ፣ ዛሬ ጤነኛ ሆንሽ?» ላቡ ጀርባውን አረጠበው።

«ትፈላለች ብለኸኝ ነበር» አለች ሚስቱ፣ ሳትዞር።

የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ ግንብ ብቻ ከሆነበት ሲደርሱ፣ መርፌዋ ነቃ አለች። ከዚያ ሽታው መጣ። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ፍሽሽሽ!

«ፈላች! ፈላች!» ብሎ ዘሎ ወረደ። በእንፋሎቱ ውስጥ ሁለት እጁን አንስቶ ጨፈረ። በጭነት መኪና ያልፍ የነበረ ሹፌር ለእርዳታ ሊቆም አስቦ፣ ሰውዬውን አይቶ ሐሳቡን ለወጠና ነዳው። ሚስቱ ወረደች፤ እንፋሎቱን ትክ ብላ አየችውና የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች። አላመሰገነችም፣ አልሳቀችም።

«አሁን ውሃው የት አለ?» አለች።

ከኋላ የሚይዘው ጄሪካን ባዶ ነው። ጠብታ እንዳትጨምር ያለችው ራሷ ናት። የቅርቡ ቤት ደግሞ የልብስ ሰፊዋ ነው።

«ልውረድና ላምጣ» አለ።

«አንተ? እዚያ ቤት? ቁጭ በል!» ብላ ጄሪካኑን ነጥቃው ቁልቁል ሄደች።

ሰላምተኛው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ደቂቃ፣ አርባ ደቂቃ። ፀጉር ይነጫጩ ይሆን? ፖሊስ ይጠራ ይሆን? ሰዓት ሊሞላ ሲል ሚስቱ ግማሽ ጄሪካን ውሃ አንጠልጥላ ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን የሳቅ ቅላት ነበር።

«ሴትዮዋ በመስኮት ታይህ ነበር» አለችው። «ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው የነቃችብህ። ‹የጋሼ ኩላሊት ያለው ኮፈኑ ሥር ነው› አለችኝ። መምህሩም ያውቃል። ፀጉር አስተካካዩም ያውቃል። አዝነው ነው ዝም ያሉህ።» ሳቋ ጠፋ። «መንገዱ በሙሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ! ይሄ ነው ያቃጠለኝ።»

ሰላምተኛው የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ቀስ አድርጎ ከፈተ፣ ሞተሩን አስነሳና ውሃውን በቀጭኑ አፈሰሰ። ኮፈኑን ከደነ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ቃል ቃል ነው፤ ደግማ ፈልታለች። መቼ ነው የምትሸጪያት?»

ሚስቱ በሩን ከፍታ ገባች፤ ቀሚሷን ሰበሰበች።

«እሷ ምን አጠፋች? ሲሞቃት ሞቀኝ ብላ ተናገረች። አፍነህ የኖርከው አንተ ነህ። የሚሸጥ ካለ አንተ ነበርክ፤ ምን ላድርግ፣ ገዢ የለህም። በል ንዳ፣ ሐኪሙ ሳይሄድብኝ።»