ለአያ አድማሱ የተሰለፈችው ድንጋይ

ዛሬ የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ደቅኖ የአንድ ሮቦት ቪዲዮ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ወደፊት ወረፋ የሚቆምልን ይሄ ነው!»

ምን አዲስ ነገር አለው? እኛ በደርግ ጊዜ ነበረን። ድንጋይ ነው የምንለው።

ባደግኩበት በቀሐ ሰፈር፣ ወደ ቀበሌያችን ሱቅ ስኳር ሲመጣ ሰው ሁሉ ድንጋዩን አሰልፎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ድንጋይ አይደክመው፣ አይርበው፣ አይጣላ። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ከኋላ ያለው ሰው በእግሩ ገፋ ያደርገዋል። (የእናቴ ድንጋይ ከእኔ ይልቅ ታዛዥ ነበረች።)

አንድ ቀን ጎረቤታችን አያ አድማሱ ጠዋት ያስቀመጧት ድንጋይ ብቻዋን መስኮቱ ጋ ደረሰች።

«ምነው፣ ባለቤቷ የት አሉ?» አለ ሻጩ።

እናቴ ወደ ቤታቸው ሮጠች፤ ተከተልናት። ብቻቸውን የሚኖሩት አያ አድማሱ ወባ ጥሏቸው፣ ራሳቸውን ስተው አገኘናቸው። ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስናቸው።

ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት «ስኳሬስ?» ብለው ነው።

የእህቴን ልጅ እንዲህ አልኩት፦ ሮቦት ቢሆን ኖሮ ስኳሩን ተቀብሎ ቤት ይገባ ነበር። እኛም ወረፋችን ስለቀለለ ደስ ብሎን እንቀር ነበር።

እስኪ ንገሩኝ፤ እናንተ የቀራችሁ ቀን «የት ገባ?» ብሎ የጠየቀ ማን ነበር?