በገመድ የተሰፋው ጋላክሲ

ታላቅ እኅቴ ዓይነ ስውር ናት፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሁለታችን የስፌት ግድፈት ቶሎ የሚያገኘው ማን ነው ብትሉኝ እሷ ናት። አውራ ጣቷን በስፌቴ ላይ ሸርተት አድርጋ «እዚህ ጋ ዘለልክ» ካለች ዘልያለሁ ማለት ነው፤ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

እትዬ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። ሌላው መምህር ግድግዳ ላይ ሥዕል ሲሰቅል እሷ የምትሰቅለው እኔ የሰፋሁትን ጨርቅ ነው። ቅጠል ከነጅማቱ፣ ልብ ከነደም ሥሩ፣ ሁሉም በገመድና በዶቃ ተሰፍቶ በጣት ይነበባል። መጀመሪያ ሰሞን ልብን በቀይ ጨርቅ ሰፍቼ ወስጄላት ነበር። ባልደረቦቿ ቀለሙን ሲነግሯት «ለማን ብለህ ነው የተጨነቅከው?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ።

ዘንድሮ ግን ሳቅ ጠፋ። ስለ ሰማይ አካላት የሚናገረው ምዕራፍ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከትምህርቱም ከፈተናውም ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት መጣ። ምክንያቱ ሰማይ የሚታይ እንጂ የሚዳሰስ አይደለም የሚል ነው። ከመወሰኑ በፊት አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ የእትዬን ክፍል ያያል፤ ካሳመነችው ምዕራፉ ይቆያል፣ ካላሳመነችው ይሰረዛል። ይህን በሰማች ማግስት ቀድሞ የሰፋሁላትን የጋላክሲ ጨርቅ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ሱቄ ከተፍ አለች።

«ፍታው» አለችኝ።

ያ ጨርቅ ከሥራዬ ሁሉ የምኮራበት ነበር። መሃሉ የዶቃ ክምር ነው፤ ከክምሩ ጠመዝማዛ የገመድ ክንዶች ይነሣሉ። ምን አጠፋሁ ብላት የኛ ጋላክሲ እንዲህ አይደለም አለች። አዲሱን መጽሐፍ አስነብባ ኖሯል። ለካ መሃሉን ቀጥ ያለ የከዋክብት አግዳሚ ያቋርጠዋል፤ ክንዶቹም የሚነሡት ከአግዳሚው ጫፍና ጫፍ ነው። ተቆጣጣሪው ይህን ከየት ያውቃል፣ ያማረ ስፌት አይፈታም ብዬ ሞገትኳት።

«እሱ ባያውቅም፣ ልጆቹ የሚያውቁት እኔ የነገርኳቸውን ነው» አለች። ነገሩ አለቀ። እትዬ አንዴ ካለች አለች ነው።

እየፈታሁ አግዳሚውን ማን አገኘው ብዬ ወሬ ጀመርኩ። አግዳሚ ያላቸውን ጋላክሲዎች ቀድመው ካስተዋሉት ሊቃውንት አንዱ በግሪክ ፊደል ጠራቸው አለችኝ። ፊደሏ ክብ ሆና መሃሏን መስመር የሚያቋርጣት ናት፤ የኛዋን ፀሐዩ ፀ በጎን ብታስተኟት እሷን ትመስላለች። ያን ጊዜ ጋላክሲ መሆናቸው እንኳ ገና አልተረጋገጠም፤ የሰማይ ጉም ነበር የሚባሉት። ቀጥሎ የመጣው ጠመዝማዞቹን እንደ ሹካ ጥርስ ሁለት ቦታ ከፈላቸው፤ አግዳሚ ያላቸው በአንዱ፣ የሌላቸው በሌላው። ከዚያ ደግሞ ሌላው ተነሥቶ፣ አላቸውም የላቸውም የማይባሉ አሉ ብሎ ለእነሱ መሃል ላይ ቦታ አበጀ።

ሰማይ ቤትም መሃል ሰፋሪ አለ በይኛ ብዬ ቀለድኩ። እነሱ እንኳ ቦታ ተሰጣቸው አለች፤ አልሳቀችም።

የልብስ ሰፊ ልማድ መጣፍ ነው። እኔም የመሃሉን ክምር ብቻ ፈታ ፈታ አድርጌ አግዳሚውን ከላይ ሰፋሁና ሰጠኋት። ዳሰሰችው። ክንዶቹ አሁንም ከክምሩ ነው የሚነሡት፣ አግዳሚውን እንደ ቀበቶ ጣል አድርገህበታል አለች። ሁለተኛ ጊዜ ገመዱን አወፈርኩት፤ ይሄማ የበር መወርወሪያ ነው ብላ መለሰችው። ተናደድኩ፣ መናደዴንም ነገርኳት። እሷ ወንበሯን አስጠግታ ዶቃ መምረጥ ያዘች። በመጨረሻ ክንዶቹን ሁሉ ነቅዬ ከአግዳሚው ጫፎች እንደገና አስነሣኋቸው። ጣቷ ከመሃል ተነሥቶ፣ አግዳሚውን አልፎ፣ ሳይደናቀፍ ወደ ክንዱ ሲታጠፍ ጨርቁን ጠቅልላ በብብቷ ያዘች። የእትዬ ምስጋና ይኸው ነው።

ተቆጣጣሪው የመጣ ቀን ጨርቁን ሰቅዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሰውየው ለስላሳ፣ ክፋት የማያውቅ ነው፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ልጆቹ ተራ በተራ ዳሰሱ። ጥያቄ ስለምታበዛ ጓደኞቿ «ለምን» የሚሏት ልጅ ተራዋ ሲደርስ እጇን አግዳሚው ላይ አቆመች።

«ቲቸር፣ አምና ይሄ አልነበረም» አለች። «ጋላክሲው ነው የተቀየረው?»

እትዬ ጋላክሲው ያው መሆኑን፣ የተሻሻለው ልኬቱ መሆኑን፣ ስሙም ልኬቱን ተከትሎ ከጠመዝማዛ ወደ ባለአግዳሚ ጠመዝማዛ እንደተቀየረ አስረዳቻቸው። ተቆጣጣሪው በትሕትና ተነሣ። ዓይናማውን እንኳ የሚያምታታ ነገር በእነዚህ ልጆች ላይ መጫን ይከብደኛል፣ ፎቶውን ማየት ለማይችል ልጅ ቢቀርለት ምሕረት ነው አለ።

«የቱን ፎቶ?» አለች እትዬ። «የኛን ጋላክሲ ከውጭ ሆኖ ፎቶ ያነሣ ሰው የለም። ሁላችንም ውስጡ ነን። መጽሐፉ ላይ ያዩት ሥዕል ነው። የከዋክብቱን ርቀት እየለኩ፣ ያንን እየገጣጠሙ ነው ቅርጹን ያወቁት። ጨለማ ቤት ውስጥ ሆኖ ግድግዳ እየዳሰሱ የቤቱን ቅርጽ ማወቅ ማለት እኮ ነው። እሱን ደግሞ እነዚህ ልጆች ያውቁበታል።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ተቆጣጣሪውም ፈገግ አለ። እንግዲያው ይማሩት፣ ግን ከፈተናው እናውጣላቸው፣ ሥዕል ያለበት ጥያቄ ይጥላቸዋል አለ። እዚህ ላይ እትዬ ወደ ድምፁ ዞረች።

«እኔን ሒሳብ ዘለሉኝ፤ አዝነውልኝ ነው። ይውደቁ እንጂ አይዘለሉ።»

በልጅነታችን ከሒሳብ ነፃ ነሽ ስትባል እኛ ቤት ያለን ሁሉ ታደለች ብለን ነበር። እሷ ምን ብላ እንደነበር የጠየቃት ሰው ትዝ አይለኝም።

ተቆጣጣሪው የጻፈውን ሰርዞ እንደ አዲስ ጻፈ፤ ምዕራፉም ፈተናውም ጸና። የፈተናውን ሥዕል ማን ያዘጋጃል ሲል ወንድሜ ይሰፋዋል አለችው፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ያን ሰሞን የደንበኛ ሱሪ ሁሉ መደርደሪያ ላይ አደረ። ሱሪዬ የታለ ለሚለኝ ጋላክሲ ላይ ነኝ ብዬ ስመልስ፣ ሰውየው ነካ አደረገው እንዴ እየተባልኩ ከረምኩ።

ውጤት ሲመጣ ብዙዎቹ አለፉ፤ «ለምን» ወደቀች። ከእናቷ ጋር ሱቄ ስትገባ የማጽናኛ ቃል ፍለጋ ያዝኩ። አላስፈለጋትም። ባለአግዳሚውንና መሃል ሰፋሪውን አምታትታ እንደወደቀች ነግራኝ፣ ቤቷ እንድትለማመድበት ሁለቱንም በትናንሽ ጨርቅ እንድሰፋላት አዘዘችኝ። ፊቷ ላይ ሐዘን ሳይሆን እልህ ነበር።

እትዬ ስትመጣ ነገሩን አጫወትኳት። ታዝናለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«የቱ ጋ እንደወደቀች ታውቃለች አይደል?» አለችኝ።

«አሳምራ ነዋ።»

«እኔ ሒሳብ ላይ የቱ ጋ እንደምወድቅ እስከ ዛሬ አላውቅም» አለች፤ እጇንም ዘርግታ የጀመርኩትን ጨርቅ ተቀበለችኝ።