የቀን ተረት

ቆሰበር ከተማ በምኖርበት ቤት ደጃፍ የጋሪ ፈረስ ኮቴ በተሰማኝ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ወደ በሩ እሄዳለሁ። የማንም ፈረስ ቢሆን፣ ያቺ በልጅነቴ አንድ ቀን ጠፍታብን የነበረችው ባዝራ የተመለሰች ይመስለኛል።

ልጅነቴን ያሳለፍኩት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። አርፌ መቀመጥ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ፤ ለተረት ሲሆን ደግሞ ይብስብኝ ነበር። የአባቴ አባት የእንስሳት ተረት በአዊኛ ሲያወሩ፣ ጅቡን በጅብ ጦጣዋን በጦጣ ድምፅ እያደረጉ በሳቅ ይገድሉን ነበር፤ ነገር ግን ከብቱ ገብቶ በረቱ ሳይዘጋ አፋቸውን አይከፍቱም። በቀን ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል ይባል ነበርና፣ የእኔ ሥራ ፀሐይዋን በዓይኔ እየገፋሁ ማስመሸት ነበር።

አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ መምህራችን የእንስሳት ተረት ያለበትን የአዊኛ መጽሐፍ ለክረምቱ አዋሱኝ። በሐምሌ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቴ ደጅ ተቀምጠው፣ ልትወልድ የደረሰችውን ባዝራችንን እየጠበቁ ልጓም ይጠግኑ ነበርና፣ አጠገባቸው ተሸጉጬ ላንብብልዎት አልኳቸው። ገና ቀን ነው ሲሉኝ፣ ማንበብ ማውራት አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። ወደ ልጓማቸው አቀረቀሩ፤ እኔም ያንን እንደ እሺታ ቆጥሬ ጀመርኩ። መጽሐፉ የተጻፈው ከእኛ ራቅ ባሉ ሰዎች አነጋገር ስለነበር፣ ገጽ ሳልገልጥ አስቆሙኝ።

«የእኛ አገር ጅብማ እንዲህ አይናገርም» አሉና ልጓሙን አስቀምጠው ራሳቸው ማውራት ያዙ። ጅቡ ከሞላ ወንዝ ዳር ቆሞ ጦጣዋን መሻገሪያ አሳዪኝ እያለ ሲለምን፣ አባቴ ከማሳ ተመልሶ ባዝራዋ የት ሄደች አለ። ቀና ስንል ሜዳው ላይ ጉም ብቻ ነበር።

አባቴ ማን ይጠብቃት እንደነበር ሲጠይቅ መጽሐፉን ከኋላዬ ደበቅሁ። አያቴ ግን፣ «ልጅቱን ተዋት፤ በቀን ያወራሁት እኔ ነኝ» አሉት። ያን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ቢፈልጋትም አልተገኘችም፤ በማግስቱ ግን ከሐይቁ ዳር ካለው ጫካ ውርንጭላዋን አስከትላ ብቅ አለች። አባቴ በደስታ ነገሩን ረሳው።

አያቴ አልረሱትም። መስከረም ጠባ፣ መጽሐፉን መለስኩ፣ ገብሱ ታጭዶ ተወቃ፤ እኔ ግን በረቱ በተዘጋ ቁጥር ጅቡ ተሻገረ ወይ እያልኩ እነዘንዛቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ተይው ልጄ፤ የጠፋው ተመልሶልናል፣ ሌላ አንጠይቅ» ብለው ይነሡ ነበር። የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ አረፉ። ያኔ ያለቀስኩት ለእሳቸው ይሁን ለተረቱ አላውቅም፤ ሳስበው አፍራለሁ።

ዛሬ ልጄ የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ በጠራራ ፀሐይ በረንዳ ላይ ታነባለች። የሚጠፋ ከብት የለንም፤ ዓይኔ ግን ከበሩ አይነሣም። በመጽሐፉ ውስጥ ጅቡን ጎርፍ ይወስደዋል። ትናንት አንብባ ስትጨርስ፣ ስለ አያቴ ያላለቀ ተረት ሳወራ ሰምታ ኖሮ፣ የአባባ ጅብስ ምን ሆነ አለችኝ። ስምንት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር፤ ቢሆንም በዘንገና አነጋገር፣ በጅቡ ድምፅ፣ አያቴ እስካቆሙበት ድረስ አወራሁላት።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

«እኔም እየጠበቅሁ ነው» አልኳትና፣ ምንም ኮቴ ሳልሰማ ተነሥቼ በሩን ከፍቼ አየሁ።